በረዶውን ያቀለጠው የኢንገብሪክት ሙኤን ውሃ

የፖሊስ አዛዡ ቦዩን ተከትለው ሽቅብ እየወጡ ነው። ግራና ቀኙ እስከ ጉልበት የሚደርስ በረዶ፣ እሳቸው የሚረግጡት ግን ጥቁር እርጥብ አፈር፣ ያውም እንፋሎት የሚተንበት። አያታችን ኢንገብሪክት መጋረጃውን ገለጥ አድርገው በመስኮት ያያሉ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1983፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። እዚያ ቀን ላይ እንደርሳለን። ሰው ግን መጀመሪያ መወለድ አለበት።

ኢንገብሪክት ሙኤን ከአባታቸው ከአርንትና ከእናታቸው ከቦርግሂልድ፣ ኖርዌይ ውስጥ በትሮንደላግ፣ በዚሁ በግራንሞ መንደር ማርች 12 ቀን 1939 ተወለዱ። ሰባት ዓመት እዚሁ ተማሩ፣ ከዚያ ትሮንድሃይም ወርደው ብየዳ ለመዱና በ1960 ወተት ፋብሪካ ገቡ። እሳቸው የበየዱት ቧንቧ አንዴም አልፈሰሰም ይላሉ አብረዋቸው የሠሩት። በ1964 ጉንቮርን አግብተው ቶሩንንና ሼቲልን ወለዱ።

አሁን ሁላችሁም የምታውቁትን፣ በቤተ ክርስቲያን ግን ተነስቶ የማያውቀውን ነገር እናንሳ። አረቄ ማውጣት ሕጉ ይከለክላል፣ መንደሩ ያወጣል። የሌላው ሰው አረቄ ግን እርሾ እርሾ ይሸት ነበር። አያታችን ይሄ አልተዋጠላቸውም። ፋብሪካው የጣለውን የብረት ወተት ጋን አምጥተው፣ ሰው የሚያክል ቧንቧ በላዩ በይደው አቆሙበት፤ ቧንቧውን የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቀጠቁበት። ጥንስሱ ሲፈላ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ በቀዝቃዛ ውሃ ይመታል፣ ግማሹ ተመልሶ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። እንዲህ ራሱን በራሱ ሲያጥብ ይውላል። መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን፣ ያንን አፍንጫ የሚሰነጥቀውን፣ ለዕቃ መወልወያ ያስቀምጡታል። መጨረሻ የሚመጣውን፣ እርጥብ ውሻ የሚሸተውን፣ ይደፉታል። የመሃሉን ደግሞ በከሰል ያጣሩታል። ጉንቮር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሱቅ ሄደው መፈግፈጊያ ባጡ ቁጥር፣ «አንተ ሰውዬ፣ የመንደሩ ድስት ሁሉ ባንተ ምክንያት ቆሸሸ!» ይሉ ነበር። አያታችን አረቄውን መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ያሹና ያቀርቡላቸዋል።

«ምን ሸተተሽ?»

«እጅህ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም። እጅህን ግን ታጠብ።»

ከዚያ በላይ የሚያስደስታቸው ነገር አልነበረም። ሠርግም ሆነ ክርስትና፣ ቡናው የጉንቮር፣ ቡናው ላይ የሚጨመረው የኢንገብሪክት ነበር።

በዚያ በ1983 ክረምት ግን ከዚያም በላይ እንዲጠራ ፈለጉ። እንዲጠራ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት፤ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ደግሞ የማቀዝቀዣው ውሃ መብዛት አለበት። ውሃውን ከፈቱት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ፈሰሰ። ቀዝቃዛ ገብቶ ትኩስ የሚወጣው ውሃ የት እንደሚሄድ አላሰቡም። የድሮው የቦይ ቧንቧ ከሳቸው ቤት ተነስቶ የሚወጣው በጎረቤታቸው በሃልዶር በረት ሥር ነበር። በረዶው ከሃልዶር አጥር እስከ መንገዱ ድረስ ቀለጠ፣ ልክ ጣት እንደሚጠቁም።

ሃልዶር የዚህ ቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ ነበሩ። ከሳቸው በፊት አባታቸው ነበሩ የሚደውሉት።

የፖሊስ አዛዡ አጥሩ ጋ ደርሰው ቀና ሲሉ አያታችንን በመስኮት አዩዋቸው። «ኢንገብሪክት! ይሄ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?»

አያታችን መስኮቱን ከፈቱ። «እኔ ምን አውቃለሁ?» አሉ። «ከሃልዶር በረት ሥር አይደል እንዴ የሚወጣው?»

ይቺን ነው ያሏት። ሌላ አልጨመሩም። በሃልዶር በረት ውስጥ፣ እንደ ማንኛውም ሰው፣ አንዲት አሮጌ ድስትና ግማሽ በርሜል ጥንስስ ተገኘ። ያቺ ድስት እንኳን መንገድ ሙሉ በረዶ ልታቀልጥ፣ አንድ ስኒ አትሞላም። ሃልዶር እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሰበካ ጉባኤው ፊት ቆመው፣ «ድስቷ የኔ ናት፣ ውሃው ግን የኔ አይደለም» አሉ። «በረዶም ይዋሻል እንዴ?» ብሎ አንዱ ተናገረ፣ ሰው ሳቀ። አያታችን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። አልሳቁም። ግን አልተናገሩም። ሃልዶር የደወል ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ደወሉን ነክተው አያውቁም።

በሳምንቱ አያታችን ያንን ቧንቧ በገዛ እጃቸው ቆራርጠው ጣሉት። ከዚያ በኋላ ጠብታ አላወጡም። ጉንቮር፣ «ቧንቧውን ቆረጥከው፣ ምላስህን ግን መቼ ነው የምትፈታው?» ብለዋቸው ነበር።  ሃልዶር አልጮኹም፣ ሰላምታም አልነፈጓቸውም። በየዓመቱ በረዶ ሲጥል ብቻ አጥሩ ላይ ደገፍ ይሉና፣ «ኢንገብሪክት፣ ዘንድሮ በረዶው የትም አልቀለጠም፣ አይደል?» ይላሉ። አያታችንም «አልቀለጠም» ይሉና አንገታቸውን ደፍተው ይገባሉ። ሠላሳ ዘጠኝ ክረምት እንዲህ አለፈ።

በ2004 ጡረታ ወጡ። በ2015 ጉንቮር አረፉ። ባለፈው ዓመት ሳንባቸው ታሞ አልጋ ሲይዙ ቶሩንን ጠሯት።

«በቀብሬ ቀን የሕይወት ታሪኬ ሲነበብ የሃልዶር ነገርም ይነበብ።»

«አባዬ፣ ሰው ፊት? ለምን አሁን ራስህ አትነግራቸውም? አጥሩን መሻገር እኮ ነው።»

«አፈርኩ» አሉ። «እግሬ ደህና በነበረ ጊዜም አፍሬ ነው ያልሄድኩት። ሬሳዬ ሲወጣ ሃልዶር ደወሉን ይደውልልኝ። እምቢ ካለም ማንም አይደውል፣ ዝም ብላችሁ አውጡኝ።»

ኢንገብሪክት ሙኤን ጃንዋሪ 9 ቀን 2023 በተወለዱ በ83 ዓመታቸው ዐረፉ። ሁለት ልጆችና አራት የልጅ ልጆች ትተዋል። እኛ ቤተሰባቸው የተማርነው፣ የለበስነው፣ በመንደሩ የተከበርነው እሳቸው ዝም ስላሉ ጭምር ነውና አብረን እናፍራለን። ይቅርታ ጋሽ ሃልዶር። ፈጣሪ የአያታችንን ነፍስ፣ እሳቸው ያንን ጠብታ ለማጥራት በደከሙት ልክ አጥርቶ ይቀበላት።

አሁን ሬሳው ሊወጣ ነው። የደወሉ ገመድ በር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ማንም አልያዘውም። ሃልዶር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አያታችን ያን ቀን የተቀመጡባት ቦታ ናት። ቶሎ በሉ አንላቸውም። እናንተ ግን፣ እዚህ ያላችሁ ሁላችሁ፣ በሃልዶር ቦታ ብትሆኑ ገመዱን ትስቡት ነበር?