«የጓሮ ልጆች» አልነበሩም ስለ መባሉ

ለከተማው የካርኒቫል ቅርስ ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ሞንቴቪዴዮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በዚህ የየካቲት ሙቀት ያለ ዕረፍት ለሚያገለግልዎ የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ መልካም ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ኤልቢያ ፔሬይራ፣ «የጓሮ ልጆች» የተባለው የሰፈራችን የካርኒቫል ክለብ ጸሐፊ ነኝ። ክለባችን ከሃምሳ ዓመት በላይ መኖሩን በሰነድ ማረጋገጥ ስላልቻለ ከነባር ክለቦች ሰልፍ መሰረዙን የሚገልጸው ደብዳቤዎ በደኅና ደርሶናል። ሰባ ዓመት የኖርን የመሰለንን ሰዎች ከዚህ ስሕተት በግማሽ ገጽ ስላወጡን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም ምስጋናዬ ሙሉ እንዲሆን ጥቂት ቅሬታዎቼን እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ የመመሥረቻ ሰነድ ጠይቀውናል። ክለቡን የመሠረቱት በአንድ የጋራ ግቢ ውስጥ የሰው ልብስ እያጠቡ የሚያድሩ ሴቶችና ባሎቻቸው ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ሰንደቃችንም የተሰፋው ባለቤቱ ሳይወስደው ከቀረ የአልጋ አንሶላ ነው። እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን የእርስዎ ጽሕፈት ቤት እንደሚቋቋም ባለማሰባቸው የፈረሙት ነገር የለም፤ አብዛኞቹም መፈረም አይችሉም ነበር። ግቢው ፈርሶ ወደ ከተማው ዳርቻ ሲበተኑም በየእሁዱ ከበሮአቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለው ግቢው ወደነበረበት ጎዳና በእግራቸው ይመለሱ ነበር። ለዚህም ከማንም ማስረጃ አልተቀበሉም።

ሁለተኛ፣ ከነጭራሹ ሰነድ አልነበረንም ማለቴ አይደለም። የሠላሳ አራት ዓመት ቃለ ጉባኤ፣ የአባላት መዝገብና የሰልፍ ፈቃድ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በክብር ተቀምጦ ነበር። ያስቀመጡት በጊዜው ጸሐፊ የነበሩት፣ ዛሬ ሰማንያ አራት ዓመት የሆናቸው ዶን ዋልደማር ናቸው። የዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ በሰልፉ ዕለት፣ ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። እርስዎ እንደሚያውቁት፣ ወይም የሚያውቅ ሰው በቢሮዎ እንደማይጠፋ ተስፋ እንደማደርገው፣ የእኛ ከበሮ ቆዳ እርጥበት ሲነካው ይላላል፤ መንገድ ዳር እሳት አንድደን ካላሞቅነው ድምፅ የለውም። ያን ዕለት እንጨቱም ጋዜጣውም በስብሶ ነበር። ደረቅ ወረቀት የተገኘው በዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ብቻ ነው። ሠላሳ ከበሮ መቺ ከብቦ ሲያያቸው ዶን ዋልደማር፣ «ምን ታፈጡብኛላችሁ? ስማችን እዚህ ታሽጎ ከሚቀመጥ ጎዳናው ላይ ይሰማ!» ብለው ክዳኑን ከፈቱት። እኔ ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከሰንደቁ ፊት እጨፍር ነበር። ከበሮ እንደዚያ ቀን ሲጮኽ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልሰማሁም። ዳኞቻችሁ ሳይቀሩ ሁለተኛ ደረጃ ሰጡን።

ሦስተኛ፣ ይህንኑ ውጤት ከመዝገብዎ እንዲያወጡልን ብንለምን የዚያ ዘመን መዝገብ ምድር ቤቱ ውስጥ ውኃ ገብቶበት መበላሸቱ ተነገረን። ስለዚህ የእናንተን ወረቀት ውኃ ሲወስደው «አደጋ»፣ የእኛን እሳት ሲበላው «ቸልተኝነት» እንደሚባል ተምረናል። ለትምህርቱ እናመሰግናለን።

የመጨረሻውን ቅሬታ ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ሰነድ ከሌለ ምስክር ይበቃል ብለን ዶን ዋልደማርን ይዘን ቢሮዎ መጣን። አምስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጡ፤ አሳንሰሩ ለሠራተኞች ብቻ ነበር። ጸሐፊዎ በጨዋነት ሰምታቸው ስታበቃ፣ «አባባ፣ እንግዲህ እርስዎን እዚህ ፎርም ላይ የት ላስገባዎት?» አለቻቸው። እሳቸውም፣ «ልጄ፣ ጥፋተኛ የሚል ቦታ ካለው እዚያ አስገቢኝ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለልምምድ አልመጡም። የዚያን ዝናብ ነገር ሲያወሩ ሳቅ እየቀደማቸው መጨረስ ያቅታቸው የነበሩ ሰው፣ አሁን ቤታቸው ስሄድ «እኔ ነኝ ያጠፋኋችሁ» ይሉኛል። ክቡር ሆይ፣ ለሌላው ሁሉ ትሕትናዬን እንደያዝኩ ነኝ፤ ለዚህ ግን የለኝም። ተናድጃለሁ፤ ምንም ላደርግላቸው ባለመቻሌም አዝኛለሁ።

ይግባኝ አልጠይቅም፤ ይግባኝ ሰሚውም እርስዎ መሆንዎን ከደብዳቤው ግርጌ አንብቤያለሁና። ሰልፉን ከክብር መድረክዎ ላይ ሆነው፣ በጥላ ሥር፣ ዝናብ ሳይነካዎ እንዲመለከቱ እየተመኘሁ፣

በሰነድ ካልተደገፈ ነገር ግን እጅግ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣

ኤልቢያ ፔሬይራ
ያልነበረው ክለብ ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጽሕፈት ቤትዎ ለዘንድሮው ካርኒቫል ማስታወቂያ በየአውቶቡስ ፌርማታው የለጠፈው ትልቅ ፎቶግራፍ በጣም ያምራል። ከሥሩ «ስሙ ያልታወቀ ከበሮ መቺ፣ ከሃምሳ ሁለት ዓመት በፊት» የተባለው ወጣት ዶን ዋልደማር ናቸው፤ ከጀርባቸው የእናንተ መፈክር የሸፈነውም የእኛ ሰንደቅ ነው። ብናመለክት፣ ፎቶግራፍ ሰነድ አይደለም ተባልን። እሳቸው በየጠዋቱ ወደ ፌርማታው ወርደው ከፎቶው ፊት ይቆማሉ። ሾፌሮቹ አውቶቡስ የሚጠብቁ እየመሰላቸው ያቆሙላቸዋል፤ እሳቸውም ባርኔጣቸውን አንሥተው ይቅርታ ይጠይቋቸዋል።