በጎቹን ላሳየው

ጌታነሽዬ፣ መድኃኔዓለም በቤሩት ጥላ ይሁንሽ፤ እኛ ደህና ነን።

እህትሽ ትሕትና ግን ከገዛ ቤቴ ብርድ ላይ አባረረችኝ! ተታሎ የተወሰደ ሰው እንዴት እንደሚለይ በነርስነት ትምህርቷ ተምራ፣ እኔን ደላላ፣ አክስትሽን በሽተኛ አድርጋ ተለማመደችብን። አክስትሽን ስትጠይቃት እኔ ቀድሜ መለስኩ። «ጋሼ፣ እስቲ በጎቹን ይዩልኝ» ብላ አስወጣችኝ። ለካ ሌላ ሰው የሚመልስላትን ሴት ብቻዋን ለማነጋገር ነው።

ሳቅሁ። ኋላ ግን አንቺ ስትደውዪ ከጎንሽ የሚሰማው ድምፅ ትዝ አለኝ። ልጄ፣ መናገር ካልቻልሽ ስለ በጎቹ ጠይቂኝ፤ ይገባኛል።

ይህን እየጻፍኩልሽ ሳለ በር ተንኳኳ። አንቺን የላከሽ የሞላሌው ደላላ ነው፤ ያመማት ልጅ ለትሕትና ሊያሳይ መጣ። ትሕትና ልጅቱን ስሟን ብትጠይቃት እሱ መለሰ።

ደህና ሁኚልኝ፤ በጎቹን ላሳየው ልወጣ ነው። ቶሎ አልመልሰውም።