የከርነሉ መግለጫና የማንዳ መንገድ

ቦሌ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር ፲፱፻፺፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ
ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዐለይኩም። አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎስ እንዴት አደረገዎት? የሚሌ ሙቀትና የሐርቡ ንፋስ ሲፈራረቅብዎት ጉልበትዎን እንዳይዘው እሰጋለሁ። እናቴስ ዓይኗ ተሻላት? ከወንድሜ ከካሊድ ደብዳቤ መጣ ወይ? ግንባር ከዘመተ ወዲህ ሬዲዮ ዜና ሊያነብ ሲል እዘጋዋለሁ፤ ደግሞ መልሼ እከፍተዋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ አካሌ ደህና ነው። ልቤም ደህና ነው ብዬ ግን አልዋሽዎትም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያልላክሁት ፈርቼ ነው። የሚያደርስልዎ የመንገድ ጓደኛዎ ገመዳ ነው። ምን እንደተጻፈበት አልጠየቀኝም፤ «ለአባትሽ እጅ ነው የምሰጠው» ብቻ አለኝ። ካነበቡት በኋላ ምን እንደሚያደርጉት እርስዎ ያውቃሉ።

የምጽፍልዎ ስለ ባለቤቴ ስለ ሚስባህ ነው። ስሙ በቤታችን እንደማይነሣ አውቃለሁ። ሳላገባው በፊት፣ «ልጄ፣ ሁለት መንግሥት የሚካፈለውን ባል አታግቢ። የአሰብን መንገድ ዕድሜዬን ሙሉ ነድቼበታለሁ፤ አንድ ቀን እንደሚዘጋ ይታየኛል» ብለውኝ ነበር። ለኒካሑ አጎቴን ወክለው ላኩ እንጂ ራስዎ አልመጡም። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው። መንገዱ ግን እንዳሉት ተዘጋ።

እስከ ዛሬ ሥራዬ ምን እንደሆነ በቅጡ አላስረዳሁዎትም። ሳላስረዳዎት ደግሞ የመጣብኝ ነገር አይገባዎትም። ኦሎምፒያ አጠገብ ባለው የኮምፒዩተር መሸጫ ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር ሚስባህ እዚያው ጠጋኝ ነበር። ኮምፒዩተር ውስጥ ከርነል የሚሉት ፕሮግራም አለ። ለዓይን አይታይም፤ ግን እንደ ጭነት መኪናዎ እንደ ኤን ትሬው ሞተር፣ ያለ እሱ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። እኛ የምናውቀው ከርነል ደግሞ ባለቤት የለውም። በየአገሩ ያሉ ሰዎች በኢሜይል እየተጻጻፉ በነፃ ይሠሩታል፤ ውስጡን ከፍቶ ማየትና ማስተካከል ለሁሉም ተፈቅዷል። ችግሩ ሠሪዎቹ መሥራት እንጂ እንዴት እንደሠሩት ጽፎ ማስቀመጥ አይወዱም። ስለዚህ አዲስ የሚመጣው ሰው የፍሬኑን ፔዳል እየፈለገ ቁልቁለት ይወርዳል።

እኔና ሚስባህ ያንን መግለጫ ነበር የምንጽፈው። የእኛ ክፍል ከርነሉ በስልክ መስመር ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር እንዴት እንደሚነጋገር የሚያስረዳው ነው። የአገራችን ስልክ እየተቆራረጠ ስላስመረረው፣ ሚስባህ ያንን ክፍል ፊደል በፊደል አንብቦታል። እሱ አንብቦ ይነግረኛል፤ እኔ «ለምን?» እለዋለሁ። «እንዲህ ስለሆነ ነዋ!» ይላል። «እኔ ያልገባኝን አልጽፍም» እላለሁ። ተናዶ ይወጣና ማኪያቶውን ጠጥቶ ይመለሳል፤ ደግሞ ከመጀመሪያው ያስረዳኛል። እንዲህ እየተጣላን የጻፍነው መግለጫ ከከርነሉ ጋር በዓለም ተበተነ። ራስጌው ላይ የሁለታችን ስም አለ፤ የእሱ ቀድሞ፣ የእኔ ተከትሎ። የማናውቃቸው ሰዎች ከየአገሩ «አሁን ገባን» እያሉ ይጽፉልን ነበር። ሚስባህ እነዚያን መልእክቶች ጮክ ብሎ ያነብልኝ ነበር፤ እንደ ልጅ።

ሚስባህን የወሰዱት ሐምሌ ላይ፣ ገርጂ ከተከራየንበት ቤት ነው። ጠዋት ነበር፤ ዝናብ ይጥላል። ሁለት ሰዎች መጥተው፣ «ለጥያቄ ነው፤ ብርድ ልብስ ያዝ» አሉት። ለጥያቄ ብርድ ልብስ ምን ያደርጋል ብዬ ተሟገትኩ። አንደኛው ዓይኑን ወደ ግቢው በር አዞረ። ሚስባህ መሄዱን አውቆ እንኳ፣ «ሽሮው እሳት ላይ ነው፣ እንዳያርርብሽ» አለኝ። ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። እዚሁ አዲስ አበባ ተወልዶ፣ እዚሁ ተምሮ፣ አባቱ የአሰብ ሰው በመሆኑ ብቻ ጠላት ተባለ። ከቀናት በኋላ እንደ እሱ ከተያዙት ጋር በአውቶቡስ ተጭነው፣ በአሰብ መንገድ በቡሬ ድንበር በኩል ከአገር እንደተሸኙ ሰማሁ። ወደዚያ ስልክ አይገባም፤ ፖስታም አይሄድም። በሕይወት አለ ብሎ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።

የመሥሪያ ቤታችን ባለቤት አቶ መኩሪያ ክፉ ሰው አይደሉም። አንድ ቀን ጠርተውኝ በሩን ዘጉና፣ «ልጄ፣ እኔም የማሳድጋቸው አሉኝ። ስሙ ያለበትን ነገር ሁሉ አንሺልኝ» አሉ። ከመሳቢያው አነሣሁት፤ ከግድግዳው አነሣሁት፤ ኩባያው ላይ በቀለም የጻፈውን ሳይቀር ፈገፈግሁት። «እዚያ ውጭ አገር የሚነበበውስ?» አሉኝ። እሱን እንኳ ተዉልኝ ልላቸው አስቤ ነበር። አባዬ፣ ፈርቼ ጻፍኩ። መግለጫዎቹን ለሚሰበስበው ሰውዬ፣ ሁሉም በሚያነበው የኢሜይል መድረክ፣ «የመጀመሪያውን ስም አውጣልኝ» ብዬ ላክሁ።

ሰውየው በማግስቱ መለሰልኝ። «ስሜ ይውጣ ያለው እሱ ራሱ ነው? የሠራን ሰው ስም ሌላ ሰው ስለጠየቀ አናወጣም» ይላል። ምን ልበለው? ባሌ የት እንደደረሰ አላውቅም ብዬ ዓለም ሁሉ በሚያነበው ቦታ ልጻፍ? አቶ መኩሪያ በገቡ ቁጥር «ወጣ?» ይሉኛል፤ «እየታየ ነው» እላቸዋለሁ። ስሙ እዚያ መኖሩ ያስፈራኛል፤ ቢወጣ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ ሚስባህ የሚባል ሰው እንደነበረ ማስረጃ የሚጠፋ ይመስለኛል። ደንበኛ በሩን ሲገፋ እጄ ከመጻፊያው ላይ ይነሣል። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ጋዜጣውን ሲያጥፍ እደነግጣለሁ። በዚህ ዓይነት ክረምቱ ወጣ።

ጥቅምት ላይ፣ ሰዎች እርማት በሚልኩበት ቦታ አንድ እርማት መጣ። የተላከው የመን፣ ሁዴይዳ ካለ የእህል ነጋዴ አድራሻ ነው፤ የላኪውም ስም የማላውቀው የዐረብ ስም ነው። የሚያርመው የእኛን መግለጫ ነው። እኛ የስልኩ መስመር ሲቋረጥ፣ ከርነሉ መስመሩን ይጠብቅ የነበረውን ፕሮግራም ያሰናብተዋል ብለን ነበር። «ሁልጊዜ አይደለም» ይላል እርማቱ። «መስመሩ ቢቋረጥም እንዳያሰናብተው አስቀድሞ ማዘዝ ይቻላል፤ መግለጫው ይህን አልተናገረም።»

ለእኔ ተብሎ የተፈለሰፈ የፍቅር ቃል እንዳይመስልዎ። እውነትም ተሳስተን ነበር። የስልኩን ገመድ ነቅዬ ሞከርኩት፤ ፕሮግራሙ ሳይሰናበት ቆየ። ያስቆመኝ እንግሊዝኛው ነው። በእንግሊዝኛ መጨረሻው ላይ «ኤስ» ተጨምሮ የማይበዛ አንድ ቃል አለ፤ ሚስባህ ሁልጊዜ ያበዛዋል፣ እኔ ሁልጊዜ አርመዋለሁ፣ እሱ ሁልጊዜ «ምን ይጎዳል?» ይለኛል። እርማቱ ውስጥ ያ ቃል በዝቶ ተቀምጧል። ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ወደ ቦሌ መንገድ ወጥቼ ያገኘሁት ታክሲ ውስጥ ገባሁ። አውሮፕላን ማረፊያው ጋ ሰው ሁሉ ወርዶ እኔ ቀረሁ። ረዳቱ፣ «እህት፣ የት ነሽ?» ሲለኝ የመመለሻውን ከፍዬ በዚያው ታክሲ ተመለስኩ።

ጠላት ከተባለ ሰው ጋር መጻጻፍ ምን እንደሚያመጣ አላውቅም ነበር፤ አሁንም አላውቅም። በመጨረሻ፣ «እርማቱን ተቀብለናል። ያረመው ሰው ጤናው እንዴት ነው?» ብዬ ላክሁ። መልሱ ለእኔ ብቻ መጣ። «ጤናው ደህና ነው። ሽሮው አረረ?»

አባዬ፣ ያን ቀን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አይጠይቁኝ። ከአሰብ በጀልባ ተሻግሮ፣ አባቱን የሚያውቁ ሰዎች ሁዴይዳ ነጋዴው ዘንድ አስጠግተውታል፤ ኮምፒዩተራቸውን ያንቀሳቅስላቸዋል። ለምን በቀጥታ አልጻፍክልኝም ብዬ ብጠይቀው፣ «በስምሽ ቢመጣ ቀድሞሽ የሚያነበው ማን እንደሆነ አላወቅሁም። ስሜን እንዲያወጡ መጠየቅሽን አይቻለሁ። ደግ አደረግሽ፤ ለራስሽ ፍሪ» አለኝ። አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

የነገረኝን ሁሉ አልጽፍልዎትም። አንዱን ግን ልጽፍ። አውቶቡሶቹ ወደ ድንበሩ ተቃርበው፣ ማንዳን አልፈው አወረዷቸውና «ከዚህ በእግራችሁ ሂዱ» ተባሉ። ሚስባህ ታስሮ ሳለ ጫማው ስለጠፋበት በነጠላ ጫማ ነበር፤ እሷም ተበጥሳበታለች። መሬቱ ይጋረፋል። መንገዱ ዳር ለሠራዊቱ ውኃ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ቆሟል። ሾፌሩ ወረደ፤ ለአሮጊቶቹና ለሕፃናቱ ከጀሪካኑ ቀዳላቸው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የገዛ ጫማውን ፈታና ሚስባህ እግር ሥር አስቀመጠው። ወታደሩ፣ «አንተ! ሰውየው ምንህ ነው?» ብሎ ጮኸ። «ምኔም አይደለም» አለ ሾፌሩ። ወደ መኪናው ተመልሶ ሞተሩን አስነሣ፤ ግን የመጨረሻው ሰው አልፎ እስኪሄድ ድረስ አልተንቀሳቀሰም።

ሚስባህ ሾፌሩ ማን እንደሆነ አልጻፈልኝም። «ፀሐይዋ ዓይኔን ይዛኝ ፊቱን አላየሁትም» ነው ያለኝ። ጫማው በአንድ ቁጥር ይበልጠው ስለነበር ጨርቅ ጠቅጥቆበት ነው አሰብ የገባው።

እናቴ ነሐሴ ላይ ስትደውልልኝ፣ «አባትሽ ከማንዳ በባዶ እግሩ መጣ! መስጊድ በር ላይ ሰረቁኝ ይላል» ብላ ስቃ ነበር። እኔም አብሬያት ስቄያለሁ።

ስለዚህ ነገር አልጠይቅዎትም። እርስዎም ምንም አይጻፉልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ረመዳን ሳይገባ፣ የፊታችን ሐሙስ ከቦሌ ወደ የመን፣ ወደ ሰንዓ እበራለሁ፤ ከዚያ ሚስባህ ዘንድ እሄዳለሁ። ወረቀቴ ላይ «ለሥልጠና» ይላል፤ አቶ መኩሪያ ፈርመውልኛል። ሲፈርሙ፣ «ለምን ያህል ጊዜ ነው?» አሉና መልሴን ሳይጠብቁ፣ «ይሁን፣ ይሁን» ብለው ማኅተሙን መቱት። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ቢሮ መጥቶ፣ «ከየመን ማን ነው የሚጽፍላችሁ?» ብሎ ነበር። «የኮምፒዩተር ዕቃ የሚሸጡልን ናቸው» አሉት አቶ መኩሪያ፤ ላባቸው ግን በግንባራቸው ወረደ። ሰውየው «እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። እስከ ሐሙስ ይመለስ አይመለስ አላህ ያውቃል። ከቤቴ በር ላይ ሆኜ አውሮፕላኖቹ ሲነሡ አያለሁ፤ ድሮ ድምፃቸው ያውከኝ ነበር፤ አሁን አንዱ ሳይነሣ ከዘገየ ነው የምጨነቀው። የፓስፖርት መስኮቱ ጋ ስቆም ፊቴ የሚያጋልጠኝ ይመስለኛል። ሻንጣዬን አንዴ ሞልቼ፣ ብዙ ልብስ የያዘች ሰልጣኝ ትጠረጠራለች ብዬ ግማሹን መልሼ አወጣሁት። የቀረውን ልብስ ለእህቶቼ ያካፍሉልኝ፤ ቁልፉ ገመዳ ጋ ነው።

መግለጫዎቹን ለሚሰበስበው ሰውዬም ጻፍኩለት፤ ስሙ ባለበት ይቆይ፣ እርማቱም ይግባ ብዬ። ገብቷል። አዲሱ ከርነል ሲወጣ አብሮ ይወጣል፤ ራስጌው ላይም ሁለታችንም አለን። ፈልጎ የሚከፍተው ሰው ሁሉ ያገኘናል። ይሄ ያስደስተኛል፤ እንቅልፍ የሚነሣኝም ይኸው ነው።

ካሊድ ከጻፈ የት እንደሄድኩ አይንገሩት። እሱ በዚያ የምሽግ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እህቱ ወዴት እንደሄደች ሲያስብ መዋል የለበትም። ሲመለስ እኔው እነግረዋለሁ፤ ከተቆጣም ተቆጥቶ ይተወኛል። ለእናቴ ግን ቀስ ብለው ይንገሯት፤ መጀመሪያ ትብላ፣ ከዚያ ይንገሯት።

ገመዳ ከደብዳቤው ጋር አንድ ጥንድ ጫማ ያመጣልዎታል። ቆዳው ጠንካራ ነው፣ ሶሉም ሙቀት ይችላል ብሎኛል ሻጩ። ቁጥርዎን እናቴን ልጠይቃት አስቤ ተውኩት። በሚስባህ ቁጥር ላይ አንድ ጨምሬ ገዛሁ። ልክዎ ነው።

አባዬ፣ በዱዓዎ አይርሱኝ። አላህ ካሊድን ከነሙሉ አካሉ ወደ እናቴ እቅፍ ይመልሰው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬንዎን አይንሣዎ፣ በረሃው ላይ ውኃዎን አያጉድልብዎ። እጅዎን ስሜ ሳልሰናበትዎ በመሄዴ ይማሩኝ። በደህና ያገናኘን።

ሁልጊዜ የምታከብርዎትና የምትወድዎት
ልጅዎ