ጢስ የሌለው ከሰል

ኅዳር 11
ለሥራ ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። በር ተንኳኳ። ጋሽ ዘመድኩን፣ የዕድራችን ሊቀመንበር። ከኋላው አባ ወልደ ሥላሴ። ከዚያ የታች ቤቷ ጎረቤቴ ሠርካለም፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። በዚህ ማለዳ ሦስቱ አብረው ለምን ይመጣሉ? ሞት መሆኑን አወቅሁ። የማን እንደሆነ ነው ያላወቅሁት።
መልከጸዴቅ ነው አሉኝ። ልጄ።
ዛሬ ሌላ መጻፍ አልችልም።

ኅዳር 17
ተቀበረ።
ሊንውድ ከተማ ብቻውን ነበር የሚኖረው። ዲቪ ሎተሪ ደርሶት አሜሪካ ከመጣ ሁለተኛ የብርድ ወቅቱ። ያን ሌሊት በነበረው ነፋስ መብራት ጠፋ፣ ማሞቂያውም አብሮ ጠፋ። ከሰል አያይዞ ቤት አስገባ። ተኛ... አልተነሣም። ሐኪሙ መርምሮ አደጋ ነው ብሏል።
ጋሽ ዘመድኩን ወደ ጓዳ ጠራኝ። "ባየሽ፣ በድንገት አረፈ እንበል። ከሰል ካልን ሰው ራሱን አጠፋ ይላል። ከዚያ ጸሎቱም ይቀርበታል።"
ዝም አልኩ። ለልጄ ብዬ።

ኅዳር 24
ለቅሶ ደራሹ ቀነስ አለ። መክሊት ከኮሌጅ መጥታ አጠገቤ ናት። ከእሱ ቀጥላ የወለድኳት። ጠየቅኋት። ጢስ እኮ አልነበረም! ማንደጃውን ውጭ አቀጣጥሎ፣ ፍም ሲሆን ነው ያስገባው። ሁላችንም የምናውቀው እንደዚያ ነው፤ ጢሱ ከወጣለት ምን ያደርጋል? የጢሱ አላርም እንኳ አልጮኸም።
"እማዬ፣ ጢሱ አይደለም። የገደለው ነገር አይታይም፣ አይሸትም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል።"
ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የምንተነፍሰው አየር አብዛኛው ናይትሮጅን ነው አለች፤ እንደገባ ይወጣል። ከአምስት አንዱ እጅ ኦክስጅን ነው። በሕይወት የሚያቆየን እሱ ነው። ደም ተሸክሞት ሰውነታችንን ይዞራል።
"እና፣ ደምን እንደ ባስ አስቢው። ያ ጋዝ ይገባና ወንበሩን ይይዛል። ኦክስጅን ፌርማታ ላይ ቆሞ ይቀራል።"
"አይወርድም?"
"ቶሎ አይወርድም።"
"አመመው ይሆን?"
"ራስ ያዞራል... ከዚያ እንቅልፍ ነው። ተኝቶ ነበር እማዬ። አልታወቀውም።"
ይህን ብላ አለቀሰች። እኔ አባበልኳት።

ታኅሣሥ 2
መክሊት በግድ ከቤት አወጣችኝ። ሰፈራችን ያለው ሐይቅ ዳር ተራመድን። ስለ ዛፍ ነገረችኝ። እኛ ተንፍሰን የምናስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅጠል ይወስደዋል፤ በፀሐይ ብርሃን፣ ከውሃ ጋር፣ ምግቡን ይሠራበታል። ግንዱም የሚገነባው ከዚያ ነው። ለእኛ ደግሞ ኦክስጅን ይሰጠናል። ግንድ ከአየር? እኔ ከአፈር ብቻ ይመስለኝ ነበር።
"ወንድምሽ የተነፈሰውስ?"
"የሆነ ቦታ፣ የሆነ ዛፍ ወስዶታል።"
አጠገባችን የነበረውን ጥድ በመዳፌ ነካሁት። እርጥብ ነው። ተደገፍኩት።
"እማዬ፣ ሰው እያየን ነው።"
"ይየን።"

ታኅሣሥ 6
ከመልከጸዴቅ ቤት ያመጣሁትን ትራሱን አጠብኩት። ሽታውም አብሮ ሄደ። ምን ነካኝ?

ታኅሣሥ 13
ዛሬም ነፋስ። ከቀትር በኋላ ሰፈራችን ሌክ ሲቲ በሙሉ መብራት ጠፋ። ሠርካለም ከልጇ ጋር ብቻዋን ናት፤ ልያት ብዬ ወረድኩ።
"እትዬ ባየሽ! ይግቡ፣ ይሙቁ። በስልክ ኮል ላደርግልዎ ነበር እኮ።"
ሳሎኑ መካከል ማንደጃ። ፍሙ ቀልቷል።
"ሠርኬ፣ አሁን ውጪ!"
"ኧረ ጢስ የለውም! ባልኮኒ ላይ ነው ያቀጣጠልኩት። አፍንጫዎን ያቅርቡ እስቲ፣ ምን ይሸታል?"
ልጇ ትንሿ ቢታንያ ሶፋ ላይ ተጋድማ "ማሚ፣ ራሴን..." ትላለች። አነሣኋት። እንዴት እንደከበደችኝ! በሩን በርግጄ ወጣሁ። ሠርካለም "አበዱ እንዴ? ልጄን ብርድ ሊያስመቱብኝ ነው?" እያለች ተከተለችኝ።
ደጅ፣ ዝናቡ ላይ፣ የመልከጸዴቅን ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።
"በድንገት ነው ብላችሁኝ..." አለች። "እኔ አብሬያችሁ መርዶ መጥቼ... ለምን አልነገራችሁኝም?"
ሹራቤን አውልቄ ለቢታንያ ደረብኩላት።
የእሳት አደጋ ሰዎች ጠራን። ለቢታንያ ወዲያው የኦክስጅን ጭምብል አደረጉላት። ሐኪም ቤትም ወሰዷት። ሠርካለም ኋላ ደወለች፤ ልጅቷ ነቅታ ብስኩት አምጡ ትላለች አለችኝ። ተመስገን። ለልጄ ብዬ ዝም ያልኩት የሰው ልጅ ሊገድል?

ታኅሣሥ 18
ጋሽ ዘመድኩን ዘንድ ሄድኩ።
"ነገ አርባው ላይ እናገራለሁ።"
"የልጅሽን ስም በክፉ ታስነሻለሽ።"
"ሌላ ልጅ ከሚሞት ስሙ ይነሣ፣ ጋሼ።"
"ሰውን አታውቂውም እንዴ? አፉ..."
"አውቀዋለሁ።"
"እኛም ቤት ከሰል ተገዝቷል፤ መብራት ቢጠፋ ብለን" አለ። ሌላ አልተናገረም።

ታኅሣሥ 19
ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ቆምኩ። ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ጢሱ ቢያልቅም ጋዙ አለ አልኳቸው። ከሰል ቤት አይግባ፣ ጋራዥም አይግባ። መስኮት ከፍቻለሁ ብላችሁ አትታለሉ። ለዚህ ጋዝ ሌላ አላርም አለ፤ የጢሱ አይሰማውም።
ከኋላ አንዷ "ታዲያ ራሱን አጥፍቶ ነዋ?" ስትል ሰማሁ። ግን ጨረስኩ። ሠርካለም ተነሥታ "ልጄ በእሱ ነው የተረፈችው" አለች። አባ ወልደ ሥላሴም ቆመው ጸሎቱን በክርስትና ስሙ አደረሱ። ጮክ ብለው።
መክሊት ይህን የጻፍኩትን ሰው ያንብበው ትላለች። ለራሴ ነበር... እሺ፣ ይነበብ። የምታነቡት ሁሉ፣ ልጄ ራሱን አላጠፋም። በርዶት ነው። ክርስትና ስሙ ኃይለ ኢየሱስ ነው። እባካችሁ በጸሎታችሁ አንድ ጊዜ ጥሩልኝ።