ለእናታችን ያሞቅነው ወለል

ይድረስ ለምወድዎት እኅቴ ለእትዬ ወርቅውሃ፤ አጣዬ።

እንዴት ከርመዋል? ወገብዎንስ ተሻለዎት? ጋሼ አሰፋስ፣ ልጆቹስ፣ ከብቶቹስ እንዴት ናቸው? የማሽላው ቡቃያ ዘንድሮ ፊቱን አሳየ ወይ? እኛ ደኅና ነን። የጎሬ ዝናብና ጉም ካልሆነ በቀር የሚያስቸግረን የለም፤ እሱ ግን ፀሐይን ካስረሳን ሰነበተ።

«የእናታችን ቁርጥማት ካልተሻላቸው መስከረም ሲጠባ መጥቼ ወደ ቆላው እመልሳቸዋለሁ» ብለው የጻፉልኝን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረኝም። ተቆጥቼም ነበር፣ አልዋሽዎትም። ግን እውነትዎን ነው። አባታችን ካረፉ በኋላ ያለ ደጋፊ እየተራመዱ እኔ ቤት የገቡት እናታችን፣ ዘንድሮ ከአልጋ እስከ በር ለመድረስ ግድግዳ የሚይዙ ሆኑ። ጸሎታቸውንም ተቀምጠው ነበር የሚያደርሱት። እኔ ደግሞ እሳቸውን ሸኝቼ በዚህ ቤት መኖር አይሆንልኝም። ምድጃ ብናነድ ፊትን ይለበልባል እንጂ እግር አያሞቅም። ስለዚህ ወለሉን ራሱን አሞቃለሁ ብዬ ተነሣሁ። አይሳቁብኝ።

ኮሪያ ዘምቼ ሳለሁ የዚያ አገር ሰው ከወለሉ ሥር እሳት ሰድዶ ከላዩ ሲተኛ አይቻለሁ። ይህንኑ መቱ ከተማ የቡና መፈልፈያ ሞተር ለሚጠግነው ወዳጄ ለአራርሳ ነገርኩት። እሱም ጭስ ስንጥቅ ካገኘ ተኝታችሁ ትቀራላችሁ፣ በጭስ ፈንታ የፈላ ውሃ በብረት ቱቦ ከሲሚንቶው ሥር እናዙር አለኝ። ከዚያ በኋላ የተጨቃጨቅነው ውሃውን በሚያፈላው ቦይለር ላይ ነው። እኔ ከአዲስ አበባ በናፍጣ የሚሠራ አዲስ ቦይለር ይምጣልን አልኩ፤ ደስ የሚል ሥዕሉን አይቼ ልቤ ሄዶ ነበር። አራርሳ ግን የክረምቱ መንገድ የጭነት መኪናውን ጭቃ ውስጥ ሲያስቀረው ናፍጣውን ማን ይዞልህ ይመጣል ብሎ ጠየቀኝ። ሥዕሉን አጥፌ አስቀመጥኩ። ባለቤቴ ሀረገወይን በበኩሏ ለየክፍሉ ትንንሽ ቦይለር ይሁን አለች። ያ ደግሞ በየክፍሉ እሳት መጠበቅ ነው፣ ማን ሊጠብቅ?

በመጨረሻ አንድ ትልቅ፣ እንጨትና የቡና ገለፈት የሚበላ አሮጌ ቦይለር መረጥን። ገለፈት መቱ እንደ አፈር ይጣላል። ቤታችን ተዳፋት ላይ መሆኑም በጀን፤ ቦይለሩን ከቤቱ በታች በዳስ ውስጥ አቆምነው። የፈላው ውሃ ራሱ ወደ ላይ ይወጣና በወለሉ ሥር ዞሮ፣ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይወርዳል። እንፋሎቱ እንዳይታፈን አራርሳ ከላይ ክፍት ጋን አስቀመጠለት።

ሲሚንቶው እንደ ደረቀ ቤቱን አስባረክን። ሀረገወይንና ጎረቤታችን እትዬ በየነች ባዶ ወለል ለእንግዳ ነውር ነው ብለው ቄጠማውን እስከ ቁርጭምጭሚት ጎዘጎዙት፤ ከላዩ ሰሌን፣ ከሰሌኑም ላይ የበሬ ቆዳ ጀንዲ አነጠፉ። ከእንግዶቹ በኋላም አላነሡትም፣ ያምራል ብለው። እኔም ያምራል ብዬ ነበር። ገለፈቱ ቀን ከሌት ይነዳል፣ ቤቱ ግን እንደ ዋሻ ይበርዳል! እናታችን ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበው ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀመጡ። ለመሄድ ልባቸውን ያዘጋጁ መሰለኝ። በንዴት አራርሳን አስጠርቼ ይህን የዛገ በርሜልህን ነቅለህ ውሰድልኝ፣ የናፍጣውን አስመጣለሁ አልኩት። እሱ ቱቦው ሲፋጅ በእጁ እያሳየኝ ሙቀቱ የት ገባ እያለ ራሱን ያካል።

እዚያው ስንጨቃጨቅ የእናታችን መቁጠሪያ ከእጃቸው አመለጠና ከጀንዲው ሥር ገባ። እሳቸውም ሊያወጡት እጃቸውን ሰደዱ። ከዚያ ድንግጥ ብለው፣ እዚህ ውስጥ ምድጃ ቀብራችኋል እንዴ ብለው ጠየቁን። ለካ ወለሉን ብርድ ልብስ አልብሰነው ኖሯል! ጀንዲውንም ሰሌኑንም የቄጠማውንም ክምር እየጎተትን ደጅ ጣልነው። እትዬ በየነች የባዶ ወለል ነገር አሁንም ስላልተዋጠላቸው እያጉረመረሙ ነበር፤ እግራቸውን ሲያሳርፉበት ግን «ላፍቲ ሆኤራ!»፣ መሬቱ ሞቀ ማለታቸው ነው፣ ብለው ጮኹ። ሀረገወይን እንግዳ ምን ይለናል ስትል እናታችን፣ ለእንግዳ ዓይን ብዬ ጉልበቴን ላስበርድ ወይ አሏት። አራርሳን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እሱም ራሱን ሰድቦ ሳቀ።

እነሆ ፍልሰታ ገባ። በሦስተኛው ጠዋት ከጓዳ ድምፅ ሰምቼ ስመለከት፣ እናታችን ግድግዳ ሳይይዙ ተንበርክከው፣ ግንባራቸውን ወለሉ ላይ አድርገው ይሰግዳሉ። እትዬ ወርቅውሃ፣ በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚህ አያስነሡብኝ፣ እባክዎን።

ጋሼ አሰፋን ጉልበት ይሳሙልኝ። ዘውደነሽን ስለ ትምህርቷ ኮርቼባታለሁ ይበሏት፤ ማሙሽንም ጉንጩን ይሳሙልኝ፣ ጥርሱ በቅሏል ወይ? ሀረገወይን እጅ ትነሣለች። አራርሳም ሳያውቅዎት ሰላም ብሏል። እናታችን ደግሞ ቃል በቃል ጻፍልኝ ያሉት ይህን ነው፦ ወርቅዬ ልትወስደኝ ከሆነ ትቅር፤ ልታየኝ ከሆነ ግን ቶሎ ትምጣ፣ ጫማዋንም በር ላይ ታውልቅ።

ታናሽ ወንድምዎ ወንድይራድ
ጎሬ፣ ነሐሴ 7 ቀን 1952 ዓ.ም.