ከመቀመጫው ሥር የተነቀለችው ቆርቆሮ

ኢታና፣

ፈረንጆቹ ለመሥሪያ ቤታችን ትተዋት የሄዱት ያቺ ተቀምጠው የሚነዷት አሮጌ የሣር ማጨጃ ምላጯን የሚያዞረው ቺንጋዋ ተገኘ። ደስ ይበልህ።

ሞዴሏና ቁጥሯ የተጻፈባት ቆርቆሮ ከመቀመጫው ሥር ስለጠፋች፣ ሁለቴ የማይገጥም ቺንጋ ገዝቼ መምጣቴን ታስታውሳለህ። «ገብረ መድህን አሻጥረኛ ነው፤ ሆን ብሎ ነው» ብለህ የጠቆምክብኝ አንተ መሆንህን እስር ቤት መርማሪው ሲገርፈኝ ነግሮኛል። አላመንኩትም። ስፈታም እዚሁ አብረን የምንኖርበት ቤት አንተው ጋ ተመለስኩ፤ የያዝከውን የሥራ ቦታዬንም አልጠየቅኩህም።

ቅዳሜ ፍራሽህን ፀሐይ ላስመታልህ ሳነሳው ቆርቆሮዋ ከሥሩ ወደቀች።

ቁጥሯን ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩና ትክክለኛውን ቺንጋ አመጣሁ። ዛሬ ጠዋት ገጠምኩት፤ ማጨጃዋ ሠራች።

የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀመንበር «ቁጥሩን ከየት አገኘኸው?» አለኝ።
ነገርኩት።

ሲመሽ ይመጣሉ።
በቆጂ እናትህ ጋ እንዳትሮጥ፤ ቤታቸውን አሳውቄያለሁ። ለእሳቸው ብቻ አዝናለሁ፤ ብዙ ጊዜ አብልተውኛል።

ድስቱ ውስጥ ሽሮ አለልህ፤ ብላ። እዚያ እራት የለም።
የሚያስተኙህ ሲሚንቶ ላይ ነው። ያኔ ብርድ ልብስ እንድታመጣልኝ ሰው ልኬብህ ነበር፤ አልመጣህም።

ብርድ ልብሶቹን ሁለቱንም ወስጃለሁ።

ገብረ መድህን