ከባስልዮስ በታች የቆመው

ዱብሉቅ አጠገብ፣ የካቲት 1992 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ከረመ? ጉልበትሽ ሱቅ ድረስ ያራምድሻል? ነገሌስ ዝናብ ጠብ አለ? እኔ ከንፈሬ ከመሰነጣጠቁ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስዘምት፣ የተማረ ሰው ስንቅ ክፍል ከገባ ሠራዊት አይቸገርም ብዬሽ ነበር። ይኸው ገባሁ። የውሃ ቦቴው ከቀረ ግን አስራ ዘጠኝ ቀኑ ነው። መጀመሪያ ላይ በቀን ሁለት ኩባያ የሚል ፕሮግራም አውጥቼ ዛፍ ላይ ለጠፍኩ። ወታደሮቹ አነበቡና፣ «ምሩቁ፣ ዲግሪህን ጭመቅልንና እንጠጣ» አሉኝ። አብሬ ሳቅኩ። በሁለተኛው ሳምንት ለአለቃ ሰላምታ መስጠት ቀረ። ዘበኞቹም ኬላውን ጥለው ጥላ ፍለጋ ሄዱ። ሻምበላችን እያየ አለፈ፤ የእሱም ምላስ ደርቋል።

ኤላው፣ ያ ጥልቅ የቦረና የውሃ ጉድጓድ፣ ቅርብ ነው፤ ግን ቦረና ውስጥ ውሃ በተራ መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። ተራ ሰጪው ኦቦ ዲባ «አካም፣ ናጋ?» ብለው ተቀበሉኝና፣ ከከብቶቹ ቀጥሎ በአራተኛው ቀን ትቀዳላችሁ አሉኝ። ወታደሮቹ አልጠበቁም። በማግስቱ ቀትር አስር ሆነው ከነጠመንጃቸው ሄዱ፤ ልመልሳቸው ተከተልኩ። ኤላው ውስጥ ከላይ እስከ ታች ቆመው፣ እየዘፈኑ ባልዲ የሚቀባበሉት ሰዎች ዘፈናቸውን አቋርጠው ወጡ። ኦቦ ዲባ ብቻ፣ ተራ ለነጠቀ ሰው ተራውን ኤላው ራሱ ይሰጠዋል አሉ።

የእኛዎቹ ወረዱ። ጓደኛዬ አስር አለቃ ባስልዮስ ከሁሉም በታች ቆመ። ከእሱ እስከ ውሃው ግን ገና የአንድ ሰው ቁመት ይቀር ነበር፤ ሰው አነሰን። እኔ ልወርድ ጫማዬን ሳወልቅ አንድ የሞላ ባልዲ ወጣ። ሌላም ተከተለ። ቀጥሎ ዘፈኑ ከታች ተነሳ። ማን ነው የሚያቀብልህ ብዬ ጮህኩ። ባስልዮስ፣ «እንጃ፣ እጁ ግን ቀዝቃዛ ነው» አለኝ።

ጠጣን። እኔም ጠጣሁ።

ከዚያ ወዲህ በየቀትሩ አንድ ሰው ጠመንጃውን ድንኳን ውስጥ ትቶ ይሄዳል፤ አይመለስም። እስካሁን አራት ናቸው። አራተኛው ባስልዮስ ነው፤ ትናንት ሄደ። እጁን ብይዘው፣ «ልቀቀኝ እንጂ ወንድሜ፣ ተራዬ ነው» አለኝ፣ ሰርግ እንደተጠራ ሰው ደስ ብሎት። ዱካው ኤላው አፍ ድረስ ይሄዳል። ወደ ኬንያ የሚወስድ ዱካ ፈለግሁ፤ የለም።

ዛሬ ሻምበሉ የከዱትን ስም ዝርዝር ጻፍ አለኝ። ባስልዮስን ከዳ ብዬ ብጽፍ እናቱ እትዬ ተናኘወርቅ በሰፈራቸው ቀና ብለው አይሄዱም። ስለዚህ በአራቱም ስም ፊት «ውሃ ሊቀዳ የሄደ» ብዬ ጻፍኩ። ሻምበሉ ቢያስረኝም አልሰርዘውም።

እማዬ፣ አልፈራሁም። ጠዋት ዘፈኑ ውስጥ ስሜን ሰማሁ፤ እንዲያ አሳምሮ የጠራኝ የለም፣ አንቺ እንኳ። እዚያ ታች ማንም ማንንም አይገፋም። ሥርዓት ያለው ሰልፍ ካየሁ ደግሞ ቆየሁ።

ከባስልዮስ ስም ስር አንድ መስመር ተርፎ ነበር። ሞላሁት።

ደብዳቤውን የኦቦ ዲባ ልጅ ጉያቱ ታደርስልሻለች፤ እሷን ምንም አትጠይቂያት። ልጅሽ ከዳ የሚልሽ ካለ፣ ዝርዝሩን እይ በይው። ጋንሽ አይጉደል፣ ደጅሽ ሰው አይጣ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው።

ቀትር ደርሷል።

የበኩር ልጅሽ